ካሜራው ከማን ጎን ቆመ?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1864 የኮማንቼና የካዮዋ ተዋጊዎች በሰሜን ቴክሳስ፣ ኤልም ክሪክ በተባለ ወንዝ ዳር የሰፈሩ ቤተሰቦችን ወረሩ። ብሪት ጆንሰን የሚባል ጥቁር ሰው በዚያ ቀን ከቤቱ አልነበረም። ሲመለስ ወንድ ልጁ ተገድሏል፤ ሚስቱና የቀሩት ልጆቹ ተማርከዋል። በጊዜው ሕግ ጆንሰን ራሱ የሌላ ሰው ንብረት፣ ባሪያ ነበር። ያም ሆኖ ፈረሱን ጭኖ ወደ ማራኪዎቹ አገር ዘለቀ፤ በተከታዩ ዓመትም ቤተሰቡን ቤዛ ከፍሎ አስመለሰ። በዚህም አላበቃም። ሳትመለስ የቀረች የጎረቤት ሕፃን ነበረችና እሷን ፍለጋ ደጋግሞ ወጣ። በ1871 ከሁለት ጥቁር ጋሪ ነጂ ባልደረቦቹ ጋር መንገድ ላይ ሳለ በካዮዋዎች እጅ ተገደለ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አለን ለ ሜይ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ1954 ያሳተመውን «ዘ ሰርቸርስ» የተሰኘ ልብ ወለድ ሲያዘጋጅ ካጠናቸው የምርኮ ታሪኮች አንዱ ይህ የጆንሰን ታሪክ እንደነበር የፊልም ታሪክ አጥኚዎች ይናገራሉ። ዳይሬክተሩ ጆን ፎርድ በ1956 መጽሐፉን ወደ ፊልም አመጣው። ፈላጊውን ሰው የተጫወተው ጆን ዌይን ነው። ገጸ ባሕርይው ኢታን ኤድዋርድስ ደግሞ በእርስ በርሱ ጦርነት ባርነትን ለማቆየት ከተዋጋው የደቡብ ጦር የተመለሰ ወታደር ነው። ባሪያ ሆኖ ቤተሰቡን ፍለጋ የወጣ ሰው ታሪክ ሲኒማ ቤት ሲደርስ ባርነትን ሊያስጠብቅ የዘመተ ሰው ታሪክ ሆነ።

«ዘ ሰርቸርስ» ትልቅ ፊልም ነው። ስንት ዳይሬክተር ተምሮበታል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም እወደዋለሁ። ጥያቄዬም የሚነሳው ከዚሁ ፍቅር ነው። ይህን ያህል ጥበብ የነበረው ሲኒማ ዓይኑ ሥር የነበሩትን ሰዎች እንዴት ሳያያቸው ቀረ? ባያቸው ጊዜስ ከየት ሆኖ ነበር ያያቸው? ስለ ውክልና ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ ፊት እንቆጥራለን፤ ስንት ጥቁር ታየ፣ ስንት ሴት ታየች እንላለን። እኔ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል ባይ ነኝ። የካውቦይ ፊልሞችን ታሪክ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ መጋረጃው በልዩ ልዩ ሰዎች ፊት ተሞልቶም ታሪኩ የአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ሊቀጥል እንደሚችል ይረዳል።

ሆሊዉድ ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ በገፍ ያመረታቸው እነዚህ ፊልሞች ለዓለም ያስተማሩት ምዕራብ የታወቀ ነው። ብቸኛ ነጭ ፈረሰኛ፣ አቧራማ ጎዳና፣ መጠጥ ቤት፣ ሸሪፍ፣ ከተራራ ጫፍ እየጮኹ የሚወርዱ «ሕንዶች»፣ ሽፍታ ሜክሲኳዊ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ቻይናዊ። ጥቁር ሰው ካለም ልጓም ይዞ የቆመ ነው።

እውነተኛው ምዕራብ እንዲህ አልነበረም። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ከቴክሳስ ተነስተው የከብት መንጋ ወደ ካንሳስ የባቡር ጣቢያዎች ከነዱት እረኞች መካከል ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችና ሜክሲኳውያን ነበሩ፤ ከአራቱ አንዱ ጥቁር ነበር የሚለው ግምት በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። የገመድ አወራወሩን፣ የኮርቻውን አሠራር፣ መንጋ የመመለሱን ብልሃት ነጮቹ የተማሩት ከሜክሲኮ ከብት ነጂዎች ነው። የሴራ ኔቫዳን ዐለት ፈልፍለው ሀዲድ ያሳለፉት በሺዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ናቸው፤ በሜይ 10 ቀን 1869 ዩታ ውስጥ ፕሮሞንተሪ ላይ ሁለቱ ሀዲዶች ሲገናኙ በተነሳው ዝነኛ ፎቶግራፍ ላይ ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በ1866 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት 9ኛውንና 10ኛውን ፈረሰኛ ክፍለ ጦር አቋቁሟል፤ ወታደሮቻቸው ጥቁሮች፣ መኮንኖቻቸው በአብዛኛው ነጮች።

ከነዚህ ሁሉ ባስ ሪቭስን ነጥዬ ላንሳ። በ1838 አርካንሶ ውስጥ በባርነት ተወለደ። ከ1875 ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ፣ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው ምድር የፌዴራሉ መንግሥት ምክትል ማርሻል ሆኖ አገለገለ። ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር፤ የመያዣ ትእዛዞቹን ሌላ ሰው እያነበበለት በቃሉ ይይዝና በረሃ ይወርዳል፤ ተፈላጊዎቹንም አንድ በአንድ ለቅሞ ይመለሳል። የገዛ ልጁ ሚስቱን ገድሎ ሲፈለግ ትእዛዙን ተቀብሎ ልጁን አስሮ ለሕግ አቀረበ። የአባትነትና የሕግ ትግል፣ በረሃ፣ ፈረስ፣ ሽጉጥ፤ የካውቦይ ፊልም የሚፈልገው ሁሉ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተሟልቶ ነበር። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በዚያ ሁሉ የደመቀ ዘመናቸው ይህን ሰው ዋና ገጸ ባሕርይ አድርገው አልሠሩትም። ጂም ቤክዎርዝ ደግሞ ተሠርቷል፤ አሠራሩ ግን ከመረሳት የከፋ ነው። ከባሪያ እናት ተወልዶ በሮኪ ተራሮች ስመ ጥር መንገድ መሪ የሆነው ይህ ሰው በ1951ዱ «ቶማሃውክ» ፊልም ውስጥ ሲመጣ የተጫወተው ጃክ ኦኪ የተባለ ነጭ ተዋናይ ነው።

«ዘመኑ ነው፤ የዛሬን ዓይን ይዘህ ትናንትን አትፍረድ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። እኔ አልቀበለውም፤ ምክንያቴም ያው ዘመኑ ነው። ገና በ1910 ጄምስ ያንግ ዲር የተባለ፣ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናንቲኮክ ተወላጅ ለፓቴ ኩባንያ «ዋይት ፎውንስ ዲቮሽን»ን ዳይሬክት አድርጓል። ሬድ ዊንግ በሚል ስም የምትታወቀው የሆቸንክ ተወላጅ ሊሊያን ሴንት ሲር በ1914 በሴሲል ቢ ዴሚል «ዘ ስኳው ማን» ላይ በዋና ተዋናይነት ሠርታለች። በ1922 ደግሞ ኮርማ በቀንዱ ይዞ የመጣል ስፖርትን የፈጠረው ጥቁሩ ካውቦይ ቢል ፒኬት ራሱን ሆኖ «ዘ ቡልዶገር» ላይ ታየ። ከ1937 እስከ 1939 ዘፋኙ ኸርብ ጄፍሪስ «ሃርለም ኦን ዘ ፕሬይሪ» እና «ዘ ብሮንዝ ባካሩ»ን በመሳሰሉ ፊልሞች ላይ ነጭ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ፈረስ እየጋለበና እየዘፈነ አክተር ሆነ። እነዚህን ፊልሞች ያዩት ጥቁሮች ብቻ በሚገቡባቸው ሲኒማ ቤቶች የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው፤ ጄፍሪስን እዚያ ያደረሰውም ጥቁር ሕፃናት ራሳቸውን የሚያዩበት ካውቦይ እንዲኖራቸው ያለው ምኞት ነበር። መንገዱ እንግዲህ ከመጀመሪያው ክፍት ነበር። ገንዘቡና ሲኒማ ቤቶቹ የነበሯቸው ሰዎች ናቸው የዘጉት።

የዘጉበት ምክንያትም የታወቀ ነው። ስቱዲዮዎቹ የደቡብ ግዛቶች ሲኒማ ቤቶች ፊልማቸውን እንዳይመልሱባቸው ይፈሩ ነበር። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ሥራ ላይ የዋለው የሆሊዉድ የሥነ ምግባር ደንብ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለ ፍቅርን ማሳየት ከልክሏል። ስለ ቀደምት ሕዝቦች በግልጽ የተጻፈ ክልከላ ባይኖርም ልማዱ ከደንቡ አይተናነስም ነበር፤ ነጭ ወንድ የአፓቼ ሴት ካፈቀረ ሴቲቱ ፊልሙ ሳያልቅ ትሞታለች።

በ1950 የወጣው የዴልመር ዴቭስ «ብሮክን አሮው» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ምክንያቱም ክፉ ፊልም አይደለም። አፓቼዎች ቃላቸውን የሚጠብቁ፣ ለምድራቸው የሚዋጉ፣ ሽማግሌ የሚያከብሩ ሰዎች መሆናቸውን ለማሳየት ከልቡ ይጥራል። ታዲያ ታላቁን መሪ ኮቺስን የተጫወተው ማን ነው? ጄፍ ቻንድለር፣ የብሩክሊን ተወላጅ የሆነ አይሁዳዊ፤ ለዚህም ሥራው ለኦስካር ታጨ። የምትፈቀረውን የአፓቼ ልጃገረድ የተጫወተችው ዴብራ ፓጄት ነጭ ናት፤ እንደ ልማዱም ትሞታለች። ጄይ ሲልቨርሂልስ የተባለ የሞሃውክ ተወላጅ ተዋናይም እዚያው ፊልም ውስጥ አለ። የተሰጠው ግን ሰላሙን አልቀበልም ብሎ ጥሎ የሚሄደው የጄሮኒሞ ትንሽ ቦታ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርክልን ደግሞ የጄምስ ስቱዋርት ድምፅ ነው፤ አፓቼዎቹ እንግሊዝኛ የሚናገሩት እኛ እንድንረዳቸው መሆኑን ገና ሲጀምር ይነግረናል። ያ «እኛ» ውስጥ አፓቼ የለም።

ጆን ፎርድ በዩታና በአሪዞና ድንበር ባለው ሞኑመንት ቫሊ ከ1939ኙ «ስቴጅኮች» ጀምሮ ደጋግሞ ቀርጿል። ምድሩ የናቫሆዎች ነው። በፎርድ ፊልሞች አንዴ አፓቼ፣ አንዴ ኮማንቼ፣ አንዴ ሻያን እየሆኑ ፈረስ የጋለቡትና ከፈረስ የወደቁት እነሱ ናቸው። በዚያ የድህነት ዘመን የቀረጻው የቀን ክፍያ ለብዙ ቤተሰብ ደርሶለታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ለቀደምት ሕዝቦች ካሳ ይሆናል በሚል መንፈስ በ1964 የሠራው «ሻያን ኦተም» ላይ እንኳ ዋናዎቹን የሻያን መሪዎች የተጫወቱት የሜክሲኮ ተወላጆቹ ሪካርዶ ሞንታልባንና ጊልበርት ሮላንድ ሲሆኑ፣ ናቫሆዎቹ ከኋላቸው ተሰልፈው ይታያሉ። በዚያው ዓመት በወጣው የራውል ዋልሽ «ኤ ዲስታንት ትራምፔት» ውስጥ ደግሞ ከቀደምት ሕዝቦች የመጡት ተዋንያን በገዛ ቋንቋቸው እንዲናገሩ ተደረገ። ምን እንደሚሉ ከቀራጮቹ የጠየቃቸው የለም። የክሪ ተወላጁ ኒል ዳይመንድ በ2009 «ሪል ኢንጁን» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ንግግሩን አስተርጉሞ አስነበበው። በጀግናው መኮንን ፊት ቆመው፣ በክብር ድምፅ፣ ሲሰድቡት ነበር። በቀረጻው ቦታ ከነበሩት ቋንቋውን ከሚያውቁት በቀር ማንም አልሰማቸውም።

የእይታ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ከፊልም ዳይሬክተሩ ከኃይሌ ገሪማ ትዝታ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ፕሮፌሰር ኃይሌ በልጅነታቸው ጎንደር ላይ የአሜሪካ ፊልሞችን ያዩ ነበር። በተለያዩ ቃለ ምልልሶች እንደተናገሩት፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ያዩትን ፊልም በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ መልሰው ሲጫወቱት ሁሉም ካውቦይ መሆን ይፈልጋል፤ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚመኝ ልጅ አልነበረም። ታርዛን ሲታይም አፍሪካውያኑ ከኋላው አድብተው ሲመጡ፣ ልጆቹ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ ነበር። እንግዲህ አስቡት። አባታቸው ገሪማ ታፈረ በጠላት ወረራ ዘመን የጎንደር አርበኞች የሠሩትን የጻፉ ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት ናቸው። በዚያ ቤት፣ ስለ ወራሪና ስለ ተወራሪ እየሰማ ያደገ ልጅ ሲኒማ ቤት ሲገባ ከወራሪው ጋር ተሰለፈ። ማንም አላስገደደውም፤ ካሜራው ወስዶ እዚያ አስቀመጠው። አክተር አይሞትም ብሎ ያደገ የእኛ አገር ተመልካች ሁሉ ያንን ልጅ ያውቀዋል። ኃይሌ ገሪማ ኋላ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከጥቁር አሜሪካውያን ጓደኞቻቸው ጋር ሌላ ዓይነት ሲኒማ ፍለጋ የወጡት፣ «ሳንኮፋ»ንም በ1993 በባሪያዎቹ ዓይን የተረኩት ከዚህ ትዝታ ጋር እየታገሉ ይመስለኛል።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ «ስቴጅኮች» ላይ በግልጽ ይታያል። ከተሳፋሪዎቹ ጋር ከከተማ እንወጣለን። ሴተኛ አዳሪዋን፣ ሰካራሙን ሐኪም፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ከእስር ያመለጠውን ወጣት እያንዳንዳቸውን በስማቸው እናውቃለን፤ ሕፃን ሲወለድ አብረን እንጨነቃለን። ከዚያ ካሜራው ሜዳ ላይ ከምትጓዘው ሠረገላ ዓይኑን አንስቶ ወደ ገደሉ ጫፍ ሲዞር አፓቼዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል። ጄሮኒሞ ስሙ ይጠራል፣ ፊቱ ይታያል፤ አንድ ቃል ግን አይናገርም። ምን እንደተወሰደበት፣ ማን እንደሞተበት አናውቅም። በዚያ ዝነኛ የደረቅ ሐይቅ ላይ ሩጫ አንድ ሰው ከፈረሱ በወደቀ ቁጥር ተመልካች እፎይ የሚለው ለዚህ ነው። ጭካኔ ኖሮት አይደለም፤ ወንበሩ ሠረገላው ውስጥ ስለሆነ ነው።

ፎርድ ይህን በኋላ የተረዳው ይመስለኛል። በ«ዘ ሰርቸርስ» የኮማንቼው መሪ ስካር ለምን እንደሚገድል ራሱ ይናገራል፤ ሁለት ልጆቹን ነጮች ገድለውበታል። የኢታን ጥላቻም እንደ በሽታ ነው የሚታየው፤ ሞቶ የተቀበረ ኮማንቼ ዓይን ላይ ይተኩሳል፣ ያገኛትን የወንድሙን ልጅ ሊገድላት ይቃጣል። ያም ሆኖ ስካርን የተጫወተው በርሊን የተወለደው ሰማያዊ ዓይኑ ሄንሪ ብራንደን ነው፤ ናቫሆዎቹም እንደገና ከኋላ ናቸው።

ሜክሲኳውያን የገጠማቸው ትንሽ ይለያል። በ1952ቱ «ሃይ ኑን» ኬቲ ሁራዶ የተጫወተቻት ሄለን ራሚሬዝ የንግድ ቤት ባለቤት ናት፣ ወንዶቹን ሁሉ አንገት ታስደፋለች፣ በከተማዋ ውስጥ ነገሩን ቀድማ የምትረዳውም እሷ ናት። ሁራዶ በዚህ ሥራዋ ጎልደን ግሎብን በማሸነፍ ከሜክሲኮ የመጀመሪያዋ ሆነች። ሄለን ግን ከወሳኙ ተኩስ በፊት ባቡር ተሳፍራ ትሄዳለች። በ1960ው «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» የሽፍታውን አለቃ የተጫወተው የብሩክሊኑ ኢላይ ዋላክ፣ ወጣቱን ሜክሲኳዊ የተጫወተው ጀርመናዊው ሆርስት ቡኽሆልዝ ነው። የሜክሲኮ መንግሥት ገበሬዎቻችን አይዋረዱብን ብሎ ተቆጣጣሪ ስለላከ፣ የገጠሩ ሰው ሁሉ ፊልሙ ውስጥ ነጭ በነጭ ለብሶ ይታያል። መንግሥት ያለው ሕዝብ ልብሱን ማስጠበቅ ችሏል። ናቫሆና አፓቼ ይህን የሚያደርግላቸው አካል አልነበራቸውም።

አሁን ወደ ዉዲ ስትሮድ ልምጣ። በ1914 ሎስ አንጀለስ የተወለደው ስትሮድ በ1946 ከኬኒ ዋሽንግተን ጋር ለራምስ ቡድን በመሰለፍ በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ ለዓመታት የቆየውን የዘር አጥር ካፈረሱት አንዱ ነው። ሆሊዉድ ይህን ቁመናና ይህን ፊት ሲያገኝ ለጦር መያዣና ለዝምታ ነው የተጠቀመበት። የእኛን ስምም ይዟል፤ በ«ዘ ቴን ኮማንድመንትስ» ሙሴ ድል ነስቶ የሚያመጣው የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ በ«ስፓርታከስ» ደግሞ ኢትዮጵያዊው ግላዲያተር ድራባ ስትሮድ ነው። ድራባ ጓደኛውን ከመግደል መሞትን ይመርጣል፤ የፊልሙ አመፅ የሚቀሰቀሰውም ከእሱ ሞት ነው።

በ1960 ፎርድ በ«ሳርጀንት ራትሌጅ» ዋናውን ቦታ ሰጠው። ስቱዲዮው የታወቀ ስም ያለው እንደ ሲድኒ ፖይቲየር ያለ ተዋናይ ሲጠይቅ፣ ፎርድ ስትሮድን ካልሆነ ብሎ እንደ ጸና ይነገራል። ራትሌጅ የ9ኛው ፈረሰኛ ጦር ወታደሮች ሁሉ የሚኮሩበት የበታች ሹም ነው፤ የአዛዡን ልጅ ደፍሮ ገድሏል፣ አዛዡንም ገድሏል ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል። ፎርድ ከታች ወደ ላይ አድርጎ፣ ሰማይ ጀርባው ላይ ዘርግቶ ሲቀርጸው፣ ሆሊዉድ ከዚያ በፊት ለጥቁር ሰው ሰጥቶት የማያውቀውን ግርማ ሰጥቶታል። ስትሮድም የፔኮስን ወንዝ በፈረስ ሲሻገር የሚታይበትን ትዕይንት እስከ ዕድሜው መጨረሻ በኩራት ያነሳው ነበር፤ ጥቁር ሰው እንደ ጆን ዌይን ከተራራ ሲወርድ ታይቶ አያውቅም ነበር ይላል። ልክ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ያስጨንቁኛል። አንደኛው፣ ፊልሙ የሚተረከው በምስክሮች ቃል መሆኑ ነው። ራትሌጅን አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ነጮቹ እንዳዩት ነው፤ በፖስተሩም ላይ ስትሮድ ከጄፍሪ ሀንተርና ከኮንስታንስ ታወርስ በኋላ ነው የተጻፈው። ሁለተኛው ይብሳል። ራትሌጅ ጀግንነቱን የሚያስመሰክረው በማን ላይ ነው? በአፓቼዎች ላይ። አፓቼዎቹ እንደገና ስምና ቃል የሌላቸው፣ ከቁጥቋጦ ወጥተው የሚሞቱ ጥላዎች ሆነዋል። ጥቁሩ ወደ ሠረገላው ውስጥ ገባ፤ ገደሉ ላይ የቆሙት ግን እዚያው ቀሩ። ታሪክም ይህንኑ ይላል፤ የ9ኛውና የ10ኛው ጦር ወታደሮች ከባርነት ወጥተው ዩኒፎርም ሲለብሱ የተላኩት የሌላውን ሕዝብ ምድር ሊያስለቅቁ ነበር። የአንዱ ክብር በሌላው ኪሳራ ሲገዛ ውክልና ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ «ዘ ማን ሁ ሾት ሊበርቲ ቫላንስ» መጣ። ስትሮድ እዚህ ፖምፒ የተባለ የጆን ዌይን አጋዥ ነው። አንድ የትምህርት ቤት ትዕይንት አለ፤ ፖምፒ ከሊንከን ሥዕል ሥር ቆሞ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ በቃሉ ሲወጣ፣ ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል የሚለው ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። አስተማሪው ጄምስ ስቱዋርት ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል ብሎ ያልፍለታል። ብዙ ተቺዎች ይህን ትዕይንት ያነሳሉ፤ ማንሳትም ይገባል። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ሌላ ነው። ሽፍታው ሊበርቲ ቫላንስ በተገደለባት ሌሊት በጨለማው ጥግ ለዌይን ጠመንጃውን የወረወረለት ፖምፒ ነው። እውነቱን በዓይኑ ያየው፣ በሕይወትም የቀረ ምስክር እሱ ብቻ ነው። ዓመታት አልፈው ዌይን ሞቶ፣ ፖምፒ ሽበት ወርሶት ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ጋዜጠኛው ሊያናግር የመጣው ሴናተር የሆነውን ስቱዋርትን ነው፤ ታሪኩን ሁሉ ከእሱ ይሰማል። እዚያው አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው አንድም ጥያቄ አይጠይቀውም። ጋዜጠኛ እንደመሆኔ ይህ ትዕይንት ያመኛል። ፎርድ አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ የራሱን የፊልም ዘውግ ጉድለት ከዚህ በተሻለ አላሳየም።

በ1972 ሲድኒ ፖይቲየር «ባክ ኤንድ ዘ ፕሪቸር»ን ይዞ መጣ። ለመጫወት ነበር የገባው፤ የተቀጠረው ዳይሬክተር ጆሴፍ ሳርጀንት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራውን ሲለቅ ፖይቲየር ራሱ ተረክቦ የመጀመሪያ የዳይሬክተርነት ሥራው አደረገው። ከባርነት የወጡ ቤተሰቦች ከሉዊዚያና ተነስተው መሬት ፍለጋ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ፤ የእርሻ ጌቶች የቀጠሯቸው ታጣቂዎች ወደ ጥጥ ማሳው ሊመልሷቸው ያሳድዷቸዋል። ካሜራው ከጋሪዎቹ ጋር ነው። ሲተኮስብን ከየት እንደሚተኮስብን እናውቃለን።

ፖይቲየር የተጫወተው ባክ ድሮ የፈረሰኛ ጦር ወታደር ነበር። መሳሪያ ሲያጥረው ወደ ቀደምቶቹ ሰፈር ሄዶ ጠላታችን አንድ ነውና ጠመንጃ ስጡኝ ይላል። መሪው እምቢ አለ፤ ጠመንጃው ለራሳቸው ሕዝብ ያስፈልጋል። ባክ የዚያን ጦር ዩኒፎርም ለብሶ ከማን ጋር ሲዋጋ እንደነበረም ያስታውሰዋል። ለዚህ ንግግር የሚመጥን መልስ ባክ አለው ብዬ አላምንም። እኔ እስከማውቀው በካውቦይ ፊልም ውስጥ ጥቁሩ ጀግና ስለ ድርሻው እንዲህ ፊት ለፊት የተጠየቀበት ሌላ ትዕይንት ከዚያ በፊት የለም፤ «ሳርጀንት ራትሌጅ» ሊነካው ያልደፈረውን ነው የነካው። ትዕይንቱም እንከን አለው። መሪውን የተጫወተው ሜክሲኳዊው ኤንሪኬ ሉሴሮ ነው፤ አስተርጓሚዋን የተጫወተችው ደግሞ የያኔዋ የተዋናዩ የሃሪ ቤላፎንቴ ባለቤት ጁሊ ሮቢንሰን ናት፤ እሷም ከቀደምቶቹ ወገን አይደለችም። ጥቁሮቹ ካሜራውን ሲረከቡ ቀደምቶቹን አሁንም ሌላ ሰው ነው የተጫወተላቸው።

እነሱ በተራቸው የተረከቡት በ1998 ነው። የሻያንና የአራፓሆ ተወላጁ ክሪስ አየር ዳይሬክት ያደረገው «ስሞክ ሲግናልስ» በቀደምት ተወላጆች ተጽፎ፣ ተመርቶና ተተውኖ በመላ አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ለመታየት የበቃ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ይባላል። ሁለት ወጣቶች በአውቶቡስ ሲሄዱ፣ ዕረፍት ላይ ወርደው ሲመለሱ ሁለት ነጮች ወንበራቸውን ይዘውት ያገኛሉ፤ አንደኛው የካውቦይ ባርኔጣ ደፍቷል፣ ተነሱ ሲባሉም እምቢ ይላሉ። ወጣቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ስለ ጆን ዌይን ጥርስ መዝፈን ይጀምራሉ፤ እኛም ከነሱ ጋር ከኋላ ተቀምጠን የባርኔጣውን ጀርባ እናያለን። ያንግ ዲር የፓቴን ካሜራ ከያዘ 88 ዓመት ሆኖት ነበር።